ግሬቲንግና ፕሪዝም፤ ስለ ብርሃን መለያየት በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ የቀረበ ትችት

ነጭ ብርሃን ልዩ ልዩ ቀለማትን አጣምሮ የያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። እነዚህን ቀለማት ለመለየት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ባለሦስት ማዕዘን ብርጭቆ ወይም ፕሪዝም ሲሆን፣ ሌላው እጅግ የተቀራረቡና እኩል የተራራቁ መስመሮች የተሰመሩበት ሰሌዳ፣ ማለት ግሬቲንግ ነው። ስለ ግሬቲንግ በየክፍሉ ሲነገር ዘወትር የምንሰማቸው ሁለት አነጋገሮች አሉ። የመጀመሪያው «ግሬቲንግ እንደ ፕሪዝም ብርሃንን ይሰብራል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «መስመሩ በበዛ ቁጥር ቀለማቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ» ይላል። በእኛ አስተያየት የፊተኛው ስሕተት፣ የኋለኛው ጐዶሎ ነው። ምክንያታችንንም በድሬዳዋ ማንም ሰው በቀላሉ ሊያገኛቸው በሚችላቸው ዕቃዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የመጀመሪያው ዕቃ በቀፊራ ገበያ የሚሸጥ ስስ ሻሽ ነው። ማታ ሻሹን ወጥሮ ከዓይን ፊት በመያዝ ከደቻቱ ማዶ ያለውን አንድ መብራት የተመለከተ ሰው፣ መብራቱ በመስቀል ቅርጽ ተደጋግሞ፣ በየድጋሚውም ጠርዝ ቀለም ገብቶበት ያያል። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1785 ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን የተባለ የፊላደልፊያ ሰው በሐር መሐረብ ውስጥ የመንገድ መብራት ሲመለከት ይህን የመሰለ ነገር አይቶ ምክንያቱን ዴቪድ ሪተንሃውስን ጠየቀው። ሪተንሃውስም በመሐረቡ ፈንታ ፀጉሮችን በእኩል ርቀት ዘርግቶ ከመረመረ በኋላ፣ ቀዩ ብርሃን ከሰማያዊው ይልቅ ከቀጥተኛ መንገዱ ርቆ እንደሚሄድ አስተዋለ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው አነጋገር ይወድቃል። በፕሪዝም ከመንገዱ ከሁሉ አብልጦ የሚዞረው ወይን ጠጁ፣ ከሁሉ ያነሰ የሚዞረውም ቀዩ ነው፤ በግሬቲንግ ግን ተራው የተገላቢጦሽ ነው። ፕሪዝም ቀለማትን የሚለየው ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት እንደ ቀለሙ ስለሚለያይ ነው። የግሬቲንግ ሥራ ግን ከስብረት ጋር አይገናኝም። ብርሃን ከእያንዳንዱ መስመር ተነሥቶ በየአቅጣጫው ይሠራጫል፤ ከጎረቤታሞች መስመሮች የተነሡት ሞገዶች በሙሉ ኀይል የሚደጋገፉት ግን የጉዞአቸው ልዩነት ልክ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት፣ ወይም ሁለት ወይም ሦስት፣ በሚሆንበት አቅጣጫ ነው። የቀይ ሞገድ ረዥም በመሆኑ ይህን ልዩነት ለማግኘት ሰፋ ያለ ማዕዘን ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ዕቃ ያገለገለ የሙዚቃ ሲዲ ነው። መስመሮቹ በ1.6 ማይክሮሜትር ይራራቃሉ፤ የዲቪዲ ግን በ0.74 ማይክሮሜትር ነው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ቢያርፍባቸው፣ 650 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ከሲዲው በ24 ዲግሪ፣ ከዲቪዲው በ61 ዲግሪ ያህል ይወጣል። የሻሽ ክሮች በ0.2 ሚሊሜትር ቢራራቁ ደግሞ ማዕዘኑ ከአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ቀለማትን የሚያራርቀው የመስመሮቹ መቀራረብ እንጂ ብዛታቸው አይደለም።

ታዲያ ብዛቱ ምን ይጠቅማል? ጨው በነበልባል ላይ ሲነሰነስ የሚታየው ቢጫ ብርሃን የሶዲየም ሲሆን፣ በውስጡ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች አሉ። በአንደኛው ደረጃ እነዚህን ለመለየት ብርሃን ያረፈባቸው 1,000 ያህል መስመሮች ያስፈልጋሉ። ከትክክለኛው አቅጣጫ ጥቂት ስንወጣ በጎረቤታሞች መካከል ያለው ስሕተት የሞገዱ 1/1,000 ብቻ ቢሆንም፣ 1ኛው ከ501ኛው፣ 2ኛውም ከ502ኛው ጋር በግማሽ ሞገድ ስለሚለያዩ ይደማሰሳሉ። ከሲዲው 1 ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ብናበራ 625 መስመሮች ስለሚሆኑ ሁለቱ ቢጫዎች እንደ ተደባለቁ ይቀራሉ፤ 2 ሚሊሜትር ብናበራ ግን 1,250 ስለሚሆኑ ይበቃሉ። ማዕዘኑ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ የተለወጠው የምስሉ ጥራት ነው።

«በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ መስመሩ ሲበዛ ማለታችን ነው» ብሎ የሚከራከረን ቢኖር፣ እንዲህ ከሆነ አነጋገሩ እውነት መሆኑን እንመሰክራለን። ነገር ግን ያ ትንሽ ሐረግ ሲቀር ተማሪው ማራራቅንና ማጥራትን አንድ አድርጎ ይይዛል። ነገ የአረብ ብረትን ቅመም በብርሃን የሚመረምር መሣሪያ እንዲመርጥ ቢታዘዝ፣ ወይም በእንጦጦ ተራራ እንደሚገኙት ሁለት ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ባለ መሣሪያ የመጣ የኮከብ ብርሃን እንዲተነትን ቢጠየቅ፣ መቀራረቡን ይጠይቅ ወይስ ጠቅላላ ቁጥሩን፣ ለይቶ አያውቅም። ቀመሩን በቃሉ መያዙም ከዚህ አያድነውም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በፈተና ላይ ቁጥር በቀመር ውስጥ አስገብቶ ማስላት ብቻ ከሚጠየቅ፣ ቀዩ በግሬቲንግ ለምን እንደሚርቅና የሰሌዳው ግማሽ ቢሸፈን ምን እንደሚለወጥ ይጠየቅ። የቤተ ሙከራ ዕቃ እስኪሟላ ተብሎም ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳይቀር፣ ሻሹና ሲዲው ወደ ክፍል ይግቡ። ነገር ግን በሻሽም ሆነ በሲዲ ፀሐይን መመልከት ዓይንን ስለሚጎዳ፣ ሙከራው በመብራት ብቻ መደረግ አለበት። ከእኛ የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን በዚሁ መጽሔት ላይ ለማንበብ ዝግጁዎች ነን።