ቁፋሮ የሚገባው በየት በኩል ነው?

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የጥንት ሰው አጥንት ፍለጋ ላይ ለመሳተፍ የት ነው የሚመዘገቡት?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ዶናልድ ጆሃንሰን ከሜትላንድ ኢዲ ጋር ጽፎ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን «ሉሲ» የተሰኘ መጽሐፍ እንደገና ያነበብሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ከጆሃንሰን ጋር የነበረው ቶም ግሬይ ስመ ጥር ተመራማሪ አልነበረም። የአካባቢውን የጥንት እንስሳትና ዕፅዋት ሊያጠና የመጣ ተማሪ ነው። የክንዱን ስባሪ ሲያይ ትንሽነቱ አሳስቶት የዝንጀሮ ዘር ነው ብሎ ተከራከረ። መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ዓይን እንዴት እንደሚሠለጥን ያሳየናል፦ በጠራራ ፀሐይ አቀርቅሮ መሄድ፣ ማንሳት፣ መሳሳት፣ መታረም። (ቁፋሮ፣ ቁፋሮ እንላለን እንጂ አካፋ የሚነሳው ዘግይቶ ነው።) ግሬይ የሚሳሳትበት ሜዳ ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ዕድል ነበር።

ቅር የሚያሰኘው ወዲህ ነው። ከድንቅነሽ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ አሥራ ስድስት ጥርሶቹ ያልጎደሉበትን የላይኛ መንጋጋ ያገኘው አለማየሁ አስፋው ነው። አለማየሁ ሐዳር የወረደው የመንግሥት ተወካይ ሆኖ ነበር። መጽሐፉ ስሙን አልደበቀም፤ ይህ ለደራሲዎቹ ይነገርላቸው። ነገር ግን ጆሃንሰን የራሱን የትምህርት ጉዞ በሰፊው ሲያወጋን፣ ይህ ሰው ያንን ዓይን ከየት እንዳመጣው የምንረዳው ጥቂት ነው። የእኛ አንባቢ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ እዚህ አገር መንገዱ በአብዛኛው በመሥሪያ ቤት በኩል አልፏልና። በ1987 ዓ.ም. አራሚስ ላይ የ«አርዲ»ን የእጅ አጥንት ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴም በቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው።

ውጭ አገርማ ሌላ ነው። የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተሳታፊ የሚቀበሉ ቁፋሮዎችን ዝርዝር ያወጣል፤ ተማሪው መርጦ፣ ከፍሎ ይገባል። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ኩቢ ፎራ ላይ፣ የመስክ ትምህርት ቤት አቋቁማ ተማሪ አሠልጥናለች። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ለእኛ ልጅ የሚቀመስ አይደለም።

ለጠያቂዬ መጽሐፉን አዋስሁት፤ ማመልከቻውንም ለቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት እንዲጽፍ ነገርሁት። ስለ አለማየሁ የሚናገሩትን ገጾች ምልክት አድርጌለታለሁ።