«የምድረ በዳው ብቸኛ» እና ባለ አውቶሞቢሉ ቤተ ሰብ

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድዋርድ አቢ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. በዩታ አገር፥ በድንጋይ ቅስቶቹ በታወቀው በአርችስ ምድረ በዳ በዘበኝነት አገልግሎ፥ ያየውን «የምድረ በዳው ብቸኛ» በሚል መጽሐፍ በ1968 ዓ.ም. አሳተመ። በግድብ ውሃ ሊሰጥም የተቃረበውን የግሌን ገደል በጀልባ ወርዶ ሲሰናበት የጻፈው ምዕራፍ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ቍጣው በዚያ ወደ ኀዘን ተለውጧልና።

ዳሩ ግን ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ከገደል ወደ ገደል የሚነዳው አባት ዘንድ ሲደርስ ብዕሩ ይጨክናል። መኪና ከፓርኩ በር ይቅር፤ ሰው በእግሩ፥ በብስክሌት ወይም በፈረስ ይግባ ይላል። ለሸመገሉትና ለታመሙት አውቶቡስ ሲፈቅድ፥ ሕፃናትን ግን እስኪያድጉ ይታገሡ ብሎ ያልፋል። ይህ ለብርቱ ጐልማሳ የተጻፈ ሕግ ነው። የጽዮን ፓርክ (ስሙን ያወጡለት የሞርሞን ሰፋሪዎች ናቸው) በ2000 ዓ.ም. ሕዝቡን በአውቶቡስ ማመላለስ ጀምሮ፥ ጐብኚ በሚበዛበት ወራት የግል መኪናን ከዋናው ገደል ከለከለ፤ አውቶቡሱ ግን ሕፃኑንም ከነእናቱ ይጭናል።

ከዚህም ሌላ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በመጽሐፉ ብቻውን እንደ ኖረ የተተረከው ዘበኛ፥ ሚስቱና ሕፃን ልጁ በዚያው ምድረ በዳ አብረውት የሰነበቱበት ጊዜ ነበረ፤ በገጾቹ ግን አልገቡም።