ዜሮ የሚል ሪፖርት

መድኃኒት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ መጋዘኑን ያማል። እኔ ሱዳን ድንበር ላይ ካለው ፋሽጋ በዚህ በኩል፣ የአንገረብን ወንዝ የተሻገረ ታማሚ ሳይቀር በሚታከምበት ቆላ የመድኃኒት መደብር ስይዝ ያየሁት፣ እጥረቱ ብዙ ጊዜ በገዛ እጃችን ከምንሞላው ቅጽ እንደሚነሳ ነው።

ጤና ተቋም በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፤ ባለፈው ወጪ ተሰልቶ እስከ አራት ወር የሚያደርስ ይጠየቃል። ለደም ግፊት ኪኒን ጥሩ ስሌት ነው። ካላዛር የተባለው በሽታ ግን የሚሄደው በእርሻው ወቅት ነው። ሳሉግ የምንለው ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ ለሰሊጥ አረም ከደጋ ይወርዳል፣ ዋልካው ላይ ያድራል፣ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ትኩሳቱና የጣፊያው እብጠት የሚመጡት ቆይተው ነው። የነሐሴው ቅጽ የክረምቱን ወጪ ሲያወራ ወረፋው በመስከረምና በጥቅምት ይረዝማል።

የባሰው ዜሮው ነው። መድኃኒቱ ሁለት ወር ከጠፋ ወጪ የለም፤ የመደርደሪያው መዝገብ፣ ቢን ካርዱ፣ ዜሮ ይላል፤ ዜሮውን ያየ ደግሞ ፈላጊ የለም ብሎ ዜሮ ይልካል። ስለዚህ መድኃኒት ያልነበረባቸው ቀናት ከስሌቱ መውጣት አለባቸው። በ60 ቀን 60 ብልቃጥ ወጥቶ 20ው ቀን ባዶ ከነበረ፣ እውነተኛው ፍላጎት 90 ነው።

አንዱ እጥረት ሌላውን ይወልዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪካ ያጸናው ሕክምና ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አብረው ለ17 ቀን የሚሰጡበት ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 10 ሚሊ ሊትር ስቲቦግሉኮኔት ይወስዳል፤ ባለ 30ው ብልቃጥ ሦስት ቀን ይሄዳል፣ ስድስት ብልቃጥ ያስጨርሰዋል። ፓሮሞማይሲኑ ከጠፋ ግን ስቲቦግሉኮኔት ብቻውን 30 ቀን ይወጋል፤ አሥር ብልቃጥ። አንዱ መርፌ ቢዘገይ የሌላውም ክምችት ይሟጠጣል ማለት ነው፤ ይህን አስቦ የሚያዝዝ ሰው ብዙ አላየሁም።

አምራቾቹም ጥቂት ናቸው። ገዢው ድሃ ስለሆነ የግል አስመጪ አይነካውም። ለደከመ ታማሚ የምንመርጠው አምቢዞም በአሜሪካው ጊሊያድ ይመረታል፣ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በልገሳ ሲመጣ ቆይቷል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥም የለበትም። የመተማን ሚያዝያ የሚያውቅ ይፍረድ።

ድንበሩ ሌላ ጣጣ ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ዋና የመድኃኒት መጋዘኖች የነበሩበት ካርቱም የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገዳሪፍም ያን ምንጭ አጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእኛም በኩል የአማራ ክልል መንገዶች በግጭት ይዘጉ ጀመር። አንድ ዓመት ገዳሪፍ፣ ሌላ ዓመት መተማ የሚያርም ሠራተኛ በማንም ትንበያ ውስጥ አይገባም።

እኔ ከቢን ካርዱ ጎን መድኃኒት አጥቶ የተመለሰውን ሰው የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። የነሐሴውን ቅጽ ስሞላ የአምናውን መስከረምና ጥቅምት እወስዳለሁ፤ ቁጥሩ በዛ ተብሎ ከመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ ሲደወልልኝ ደብተሩን አነብላቸዋለሁ።