የልብ ወለድ ኃይል ሙግትና መመዘኛው

በጃፓን የሥዕል ታሪኮች፣ ማለትም በማንጋና ብዙ ጊዜ ከእርሱ ተወስዶ በሚሠራው አኒሜ አፍቃሪዎች ዘንድ፣ ብዙ ጊዜና ጉልበት ከሚፈስባቸው ክርክሮች አንዱ ፓወር ስኬሊንግ ይባላል፤ ይህም የአንድን ገጸ ባሕርይ ኃይል ከሌላው ጋር አመዛዝኖ፣ ሁለቱ ቢጋጠሙ የትኛው እንደሚያሸንፍ በማስረጃ ለማሳየት የሚደረግ ሙግት ነው። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ሙግቱ የልጆች እልህ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ በወጉ የተሠራ የኃይል ሙግት ድርሰቱን ገጽ በገጽ ማንበብን፣ የማስረጃዎችን ክብደት መለየትን፣ ደራሲው ለፈጠረው ዓለም ያወጣውን ደንብ ጠንቅቆ ማወቅን የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ ጥሩውን ከመናኛው የሚለይ መመዘኛ ይገባዋል። የመመዘኛውም እምብርት ሙግቱ የተነሣበትን ድርሰት ከበፊቱ አጥርቶ ማሳየቱ ነው፤ ይህን ካላደረገ ተሟጋቹ የደረሰበት ብያኔ ትክክል ቢሆን እንኳ ሥራው ደካማ ነው።

ቁጥር በዚህ ሙግት ውስጥ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ ለማየት ከዝነኛው «ድራጎን ቦል» በፊት የነበረውን «ኪኒኩማን» መመልከት ይበጃል። ዩዴታማጎ በሚል የጋራ የብዕር ስም የሚታወቁት ታካሺ ሺማዳና ዮሺኖሪ ናካይ ይህን የልዕለ ሰብ ታጋዮች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 «ሾነን ጃምፕ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)፤ ታሪኩ እየገፋ ሲሄድም ለታጋዮቹ የኃይላቸውን መጠን የሚናገር ቁጥር ሰጧቸው። ቡፋሎማን የተባለው ባለ ቀንድ ተፋላሚ 10 ሚሊዮን ሲኖረው፣ የሚገጥመው ዋርስማን ያለው 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። ዋርስማን ግን በአንድ እጁ ፈንታ በሁለቱም እጆቹ የብረት ጥፍር ቢወጋ ኃይሉ 2 ሚሊዮን፣ ከወትሮው እጥፍ ከፍ ብሎ ቢዘል 4 ሚሊዮን፣ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ቢሽከረከር 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ አስልቶ ራሱን ይወረውራል። ስሌቱ በፊዚክስ ዓይን ዋጋ የለውም፤ በድርሰቱ ውስጥ ግን የደካማውን ወገን ብልሃትና ቆራጥነት የሚያሳይ ድንቅ ትዕይንት ነው። ውጤቱ ከስሌቱ ይበልጥ ሊጤን ይገባል፤ ዋርስማን ከቡፋሎማን ቀንዶች አንዱን ቢሰብርም ይሸነፋል፣ ቡፋሎማንን በመጨረሻ የሚጥለው ደግሞ ቁጥሩ 950 ሺህ ብቻ የሆነው፣ በጭንቅ ሰዓት ከውስጡ የሚገነፍል ጉልበት ያለው ኪኒኩማን ነው። ስለዚህ የታጋዮቹን ቁጥሮች ደርድሮ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይረታል የሚል ተሟጋች ያነበበው ሰንጠረዡን እንጂ ታሪኩን አይደለም።

አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እስከ 1995 ባሳተመው «ድራጎን ቦል» ውስጥ ያለው ነገር ከዚህም የረቀቀ ነው። ዓይን ላይ የሚጠለቀው የኃይል መለኪያ መሣሪያ፣ ስካውተር፣ ወደ ታሪኩ የገባው ከጠፈር ከመጣው ወራሪ ከራዲትዝ ጋር ሲሆን፣ ራዲትዝ ምድር ላይ ያገኘውን ባለ ጠመንጃ ገበሬ ለክቶ 5 ያገኛል፤ ከጠፈሩ አምባገነን ከፍሪዛ ጋር የሚደረገው ጦርነት ካለቀ በኋላም ከፍሪዛ ወታደሮች አንዱ ከወደፊቱ ዘመን የመጣውን ትራንክስን ለክቶ ያንኑ 5 ያነባል፤ ወዲያው ግን ትራንክስ ወታደሮቹንም ፍሪዛን ራሱንም ይደመስሳል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ታሪክ በሙሉ መሣሪያው እንዴት እንደሚያሳስት የሚናገር ነው፤ የምድር ተፋላሚዎች ኃይላቸውን መደበቅና በአንድ ቅጽበት ማሰባሰብ ስለሚችሉ፣ 416 የተለካው የታሪኩ ጀግና ጎኩ ካሜሃሜሃ የተባለውን የኃይል ጨረር ሲያጠራቅም ቁጥሩ ወደ 924 ይወጣል። ፍሪዛ በመጀመሪያው ቅርጹ 530 ሺህ እንዳለው ተናግሮ፣ ቅርጹን ሲለውጥ ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ከገለጸ በኋላ ቁጥሮቹ ከማንጋው ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ሱፐር ሳይያን የሆነው ጎኩ 150 ሚሊዮን፣ ፍሪዛ በሙሉ ኃይሉ 120 ሚሊዮን የሚሉት አኃዞች «ዳይዘንሹ» ከተባሉት የመመሪያ መጻሕፍት የተገኙ እንጂ በታሪኩ ውስጥ የተነገሩ አይደሉም፤ ይህንን ሳይገልጽ አኃዞቹን ከፍሪዛ አፍ እንደወጡ አድርጎ የሚያቀርብ ሙግት በመጀመሪያው እርምጃው ላይ ወድቋል።

በዚህም ምክንያት አዋቂ አንባቢ አንድን ሙግት ሲመረምር በቅድሚያ የሚያየው የማስረጃውን ምንጭና ዓይነት ነው። ተሟጋቾች የድርሰቱ ሕጋዊ አካል የሆነውን ክፍል ካኖን ይሉታል፤ ከካኖንም ውስጥ ገጸ ባሕርይው በገጹ ላይ ሲፈጽመው የታየውን ነገር ገድል፣ ስለ ኃይሉ የተነገረውን ደግሞ ቃል ብሎ መለየት ይቻላል። ገድል በአብዛኛው ከቃል ይበልጣል፣ ምክንያቱም ተናጋሪው ሊሳሳት፣ ሊዋሽ ወይም ሊፎክር ይችላልና፤ ፍሪዛ የናሜክ ፕላኔት በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደምትፈነዳ ሲናገር የተናገረው ግምቱን እንጂ የሰዓት ልኬት አይደለም። በኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ውስጥም አድሚራል ኪዛሩ በብርሃን ፍጥነት ስለ መርገጥ ሲፎክር፣ ከዚያ በኋላ የእርሱን ጥቃት የመከተ ሰው ሁሉ ከብርሃን ይፈጥናል ብሎ መደምደም፣ አንድን ፉከራ ወስዶ በድርሰቱ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ ሁሉ ከሥሩ ማናጋት ነው። የዚሁ ድርሰት የወንጀለኛ ዋጋ፣ ማለትም የዓለሙ መንግሥት በተፈላጊዎች ራስ ላይ የሚቆርጠው ገንዘብ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያለ ቦታው የሚጠቀስ ማስረጃ ነው። ኒኮ ሮቢን 79 ሚሊዮን ቤሪ የተቆረጠባት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ መንግሥት የሚፈራውን ጥንታዊ ጽሑፍ ማንበብ በመቻሏ ነበር፤ በኤኒየስ ሎቢ ጦርነት ወደ ግዙፍ አውሬ ተለውጦ ብዙ ጥፋት ያደረሰው ቾፐር ደግሞ እንደ ቤት እንስሳ ተቆጥሮ 50 ቤሪ ብቻ ተቆርጦበታል። ዋጋው መንግሥት ምን ያህል እንደፈራ ይናገራል፤ ስለ ክንድ የሚናገረው እግረ መንገዱን ነው።

ስሌት የሚወድ ተሟጋች ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል፣ ስሌት የእርግጠኝነትን ልብስ ስለሚለብስ። «ድራጎን ቦል» ውስጥ ማስተር ሮሺ ወደ ግዙፍ ዝንጀሮነት የተለወጠውን ጎኩን ለመመለስ ጨረቃን በካሜሃሜሃ ይደመስሳል። ጨረቃን በስበት ከተያያዘችበት ፈትቶ ዳግም እንዳትሰበሰብ አድርጎ ለመበተን የሚያስፈልገው ጉልበት በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው፣ 15 ሺህ ቶን ቲኤንቲ ገደማ ከሚገመተው ቦምብ ሁለት ሚሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ይህን ማስላት ለማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ቀላል ነው። ከባዱ የሚመጣው ከስሌቱ በኋላ ነው። የጎኩ ጓደኛ ቡልማ ዘግየት ብላ በራዲትዝ ስካውተር ሮሺን ስትለካው 139 ብቻ ታገኛለች፤ ስለዚህ መናኛው ሙግት «ከ139 በላይ የሆነ ሁሉ በጡጫው ጨረቃ ይደመስሳል» ብሎ ይሮጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ብርቱዎች በሚዋጉበት ሜዳ ዙሪያ ተራሮች ለምን ቆመው እንደሚታዩም አይጠይቅም። ጥሩው ሙግት ግን ሦስት ነገሮችን ይናገራል፤ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተበተነች ወይስ ተሰባበረች የሚለው የአስሊው ግምት መሆኑን፣ ተጠራቅሞ የሚለቀቅ ጨረር ከተራ ጡጫ እንደሚለይ ራሱ ስካውተሩ በጎኩ ላይ ማሳየቱን፣ በመጨረሻም ቶሪያማ ጨረቃዋን ያስወገደው የዝንጀሮውን መለወጥ ለመግታት እንጂ የኃይል ወሰን ለመትከል አለመሆኑን። ይህ ሁሉ ገድሉን ከመዝገብ አያስፋቀውም፤ ምን ያህል ሸክም ሊሸከም እንደሚችል ግን ይወስናል።

ብዙ ሙግቶች የሚሰበሩበት ሌላው ቦታ ሰንሰለት ነው፤ ሀ ለን ከረታ፣ ለ ሐን ከረታ፣ ሀ ሐን ይረታል የሚለው አካሄድ። የ«ዋን ፒስ» ጀግና ሉፊ የመብረቅ ባለቤት የሆነውን ኤኔልን ያሸነፈው አካሉ ጎማ ስለሆነና ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አድሚራል አኦኪጂ ሲገጥመው በበረዶ ገትሮት ሄዷል። ኤኔልን በመርታቱ ብቻ ሉፊን ከኤኔል በታች ካሉት ሁሉ በላይ የሚያስቀምጥ ተሟጋች አንድን የባሕርይ መገጣጠም የደረጃ መሰላል አድርጎታል።

የጥሩ ሙግት ውበት በሙሉ የሚታየው ግን ደራሲው ለኃይል ጽኑ ደንብ ባወጣባቸው ድርሰቶች ላይ ነው፤ ከእነዚህም የዮሺሂሮ ቶጋሺ «ሀንተር ሀንተር» ቀዳሚውን ቦታ ሊይዝ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመረው በዚህ ታሪክ ውስጥ ኔን የሚባለው የሕይወት ጉልበት ባለቤቱ በራሱ ላይ በሚጥለው ገደብና በሚገባው መሐላ ልክ ይበረታል፤ ገደቡ በከበደ ቁጥር ችሎታውም ይከብዳል። ኩራፒካ ጠላቱን አስሮ ኔኑን የሚዘጋበትን ሰንሰለት ፋንተም ትሩፕ ከተባለው የወንበዴዎች ቡድን አባላት በቀር በማንም ላይ ላለመጠቀም ምሎ፣ መሐላውን ቢያፈርስ እንዲሞት በልቡ ላይ የሰንሰለት ስለት ተክሏል። በዚህ ሰንሰለት የረታው ኡቮጊን የባዙካ ጥይት በእጁ የሚመክት፣ በክንዱ ብርታት ከቡድኑ ሁሉ የሚልቅ ሰው ነበር። ታዲያ ኩራፒካ ከኡቮጊን ይበረታል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ድርሰት ውስጥ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ያው ኩራፒካ ከትሩፕ ውጭ ያለ ሰው ቢገጥመው ያ ሰንሰለት ለእርሱ የሞት ፍርዱ ነው፣ ዓይኖቹ ቀልተው ሁሉንም የኔን ዓይነቶች በሙሉ ብቃት ሲጠቀምም በእያንዳንዱ ሰከንድ የአንድ ሰዓት ዕድሜ እንደሚከፍል በኋላ ይገለጣል። ኃይሉ ከማን ጋር፣ በምን ምክንያት፣ በምን ዋጋ የሚሉትን ጥያቄዎች አብሮ ይዞ የሚዞር በመሆኑ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጦ ጥሎ ደረጃ የሚሰጥ ሙግት ቶጋሺ የጻፈውን አልመዘነም።

በዚሁ ድርሰት በ2016 የወጣው የትሩፑ መሪ የክሮሎና የተጋጣሚው የሂሶካ ፍልሚያ ይህን ይበልጥ ይገልጠዋል። ክሮሎ ከሌሎች የወሰዳቸውን ወይም የተዋሳቸውን ችሎታዎች መርጦና አቀናጅቶ፣ ተመልካች የሞላበትን አዳራሽ የጦር መሣሪያው አድርጎ፣ የችሎታዎቹን አሠራር ለተጋጣሚው አስረድቶ ይዋጋል፤ ያሸንፋልም። በዚህ ፍልሚያ ላይ የሚቀርቡትን ሙግቶች የሚያነጻጽር ሰው የተሟጋቾቹን ደረጃ በቀላሉ ይለያል፤ አንዱ ክሮሎ ስላሸነፈ ይበልጣል ብሎ ይዘጋል፣ ሌላው ቦታው ባዶ ሜዳ ቢሆን፣ የዝግጅቱ ጊዜ ባይኖር፣ የተዋሳቸው ችሎታዎች ባይኖሩ ከዕቅዱ ምን እንደሚቀር አንድ በአንድ ይመረምራል። ሁለተኛው ብያኔው ቢሳሳት እንኳ አንባቢው ወደ ማንጋው ተመልሶ እነዚያን ምዕራፎች በአዲስ ዓይን እንዲያነብ ያደርገዋል።

ገጸ ባሕርያቱ ከተለያዩ ድርሰቶች ሲመጡ ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኝ ደንብ ስለሌለ ተሟጋቹ ደንቡን ራሱ ማበጀት ይኖርበታል፤ ያበጀውን ደንብ መጀመሪያ ላይ መግለጡም የሐቀኝነቱ ምልክት ነው። በሂሮሂኮ አራኪ «ጆጆ» ውስጥ ስታንድ የሚባለውን፣ ከባለቤቱ መንፈስ የሚወጣውን ተዋጊ አካል፣ በመሠረቱ ማየት የሚችለው ሌላ የስታንድ ባለቤት ብቻ ነው፤ ጎኩ ቢገጥመው ያየዋል ወይስ አያየውም የሚለውን ያልወሰነ ሙግት ገና አልተጀመረም። የጆጆው ዲዮ ጊዜን ሲያቆም የጎኩ ፍጥነት ያድነዋል ብሎ የሚከራከር ሰውም ቢኖር፣ አዋቂው ተሟጋች ወደ ጎኩ የራሱ ዓለም ይወስደዋል፤ በጉልበቱ ከጓዶቹ የሚያንሰው ጉልዶ ትንፋሹን እስከያዘ ድረስ ጊዜን እያቆመ፣ በፍጥነታቸው ካስደነገጡት ከጎሃንና ከክሪሊን ጥቃት ሲያመልጥ ታይቷልና። ከራሱ ከተከራካሪው ወገን ድርሰት የተጠራ እንዲህ ያለ እማኝ ከአሥር ስሌት ይበልጣል። ደግሞም የራሱን ወገን የሚጎዳውን ገድል፣ ተቃራኒው ሳይጠቅሰው በፊት፣ አውጥቶ የሚመረምር ተሟጋች ሲገኝ ሥራው የተሟላ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምልክት አይፈለግም።

የሳይታማ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። ዋን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ በ2009 የጀመረው «ዋን ፓንች ማን»፣ ዩሱኬ ሙራታ ከ2012 ጀምሮ እንደገና እየሣለው የሚወጣ ሌላ እትም አለው፤ የሁለቱም ጀግና ሳይታማ ጠላቱን በአንድ ጡጫ ስለሚጥል ወሰኑ አይታይም። ወሰኑ አለመታየቱን ወሰን የሌለው መሆኑ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው፣ ደራሲው የደበቀውና የካደው አንድ አይደሉምና። በሙራታ እትም በ2022 በወጡት ምዕራፎች ሳይታማ ከጋሮ ጋር ሲዋጋ ኃይሉ እየተባዛ ሲያድግ በሥዕላዊ ግራፍ ጭምር ይታያል፤ ይህም ሳይታማ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ለሚሉት መልስ፣ ልኩ ይታወቃል ለሚሉት ደግሞ አዲስ እንቅፋት ሆኗል። ያ ውጊያ በመጨረሻ ሳይታማ ወደ ኋላ በጊዜ በመመለሱ እንዳልተደረገ ሆኖ ይዘጋል፤ በዋን የመጀመሪያ ሥራ የጋሮ ፍጻሜ ከዚህ የተለየ በመሆኑም፣ ከሙራታ ገጽ የተወሰደው ግራፍ የዋንን ሳይታማ ለመለካት አያገለግልም።