ስለ አስምና ብግነት መድኃኒቶች ስያሜ የቀረበ ሂስ

የመድኃኒት ባለሙያ ተግባር መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ማስረከብ ብቻ አይደለም፤ አወሳሰዱን በቃል ማስረዳትም ነው። ቃሉ የተሳሳተ እንደ ሆነ ትክክለኛው መድኃኒት በተሳሳተ መንገድ ይወሰዳል። ስለዚህ በመተንፈሻ አካላት፣ በአለርጂና በብግነት ሕክምና ከሚነገሩት ስያሜዎች ጥቂቶቹን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው «የሚነፋ መድኃኒት» የሚለው ነው። ሰው እሳት ሲነፋ ወይም ዋሽንት ሲነፋ አየርን ከአፉ ወደ ውጭ ይገፋል። የአስም ሕመምተኛ ግን ዕቃውን ነቅንቆ ትንፋሹን አስቀድሞ ያስወጣል፤ ከዚያም ዕቃውን እየተጫነ መድኃኒቱን በዝግታ ወደ ውስጥ ይስባል፤ 10 ሰከንድ ያህልም ትንፋሹን ይይዛል። «የሚነፋው ዕቃው ነው» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ነገር ግን ስያሜው ሊመራ የሚገባው የሕመምተኛውን አድራጎት ነው። ስለዚህ «የሚሳብ መድኃኒት» የሚለውን እንመርጣለን።

ሁለተኛው «ማስታገሻ» ነው። ሳልቡታሞል በአየር ቧንቧ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች አላልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽን ይከፍታል፤ ኀይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ቤክሎሜታዞን ግን ብግነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፣ ሕመም በማይሰማበትም ቀን መወሰድ አለበት። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ፣ ሕመምተኛው ወዲያው ያላስታገሠውን ትቶ ፈጣኑን ብቻ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕመምተኞች በፈጣኑ መድኃኒት ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። በበኩላችን ለመጀመሪያው «ትንፋሽ ከፋች»፣ ለሁለተኛው «የዘወትር መቆጣጠሪያ» የሚሉትን እናቀርባለን።

ሦስተኛው «ፀረ-ብግነት» ነው። ብግነት «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ከሚለው አነጋገር ጋር በሐሳብ ይገናኛል፤ ውብ ቃል ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ቤክሎሜታዞንም አይቡፕሮፌንም ፀረ-ብግነት ይባላሉ። አስም የአየር ቧንቧ ብግነት መሆኑን የተረዳ ሰው አይቡፕሮፌን ይበጀኛል ብሎ ቢያስብ አመክንዮው አይነቀፍም፤ ዳሩ ግን አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በአንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ ብርቱ የትንፋሽ ማጠር ያስነሣሉ። ስለዚህ «ስቴሮይድ ፀረ-ብግነት» እና «ስቴሮይድ-አልባ ፀረ-ብግነት» ተብለው ይለዩ፤ ሁለተኛውን የሚሸጥ ባለሙያም «አስም አለብዎት ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ባዕድ ቃልን ሁሉ ግን አንነቅፍም። «አለርጂ» እ.ኤ.አ. በ1906 ኦስትሪያዊው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ከግሪክኛ ያወጣው ቃል ነው። «አይስማማኝም» የሚለው የራሳችን አነጋገር ሆድ የሚነፋውን ወተትም ጕሮሮን የሚያሳብጠውን ኦቾሎኒም እኩል ያቅፋል። የመጀመሪያው የምቾት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ «አለርጂ» እንዳለ ይቈይ እንላለን።

ስያሜ የሚወጣው ለመዝገበ ቃላት ዐምድ ብቻ ሳይሆን፣ ትንፋሽ አጥሮት በመስኮቱ ፊት ለቆመው ሰውም ጭምር ነው። ያቀረብናቸውን ቃላት የመድኃኒት ባለሙያዎች በሥራቸው ፈትነው ቢያርሙልን፣ ሂሳችን ግቡን መታ ማለት ነው።