ቆረጣና ማድረቅ፦ «የሰው-ወር ተረት» ከሰሊጥ ማሳ ሲነበብ

በገዳሪፍ የሰሊጥ ማሳ ባለቤቱ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጊዜን ነው። የደረሰው ሰሊጥ ሳይቆረጥ ከሰነበተ ፍሬ የያዘው ቅርፊት ይሰነጠቅና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቀኑ ሲያጥር ወኪሉ የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛ ይጨምራል። በመተማና በገላባት በኩል ለሥራ ሲሻገር የኖረው ወገን ብዛትም የዚሁ ስሌት ውጤት ነው። ሃያው ሰው አርባ ቢሆን ቆረጣው በግማሽ ጊዜ ይጠናቀቃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ምክር ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ቀመር ነው።

ይኸው ቀመር ከማሳው ወጥቶ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደሚጻፍበት ክፍል ሲገባ ግን ይከሽፋል። ለምን እንደሚከሽፍ ከማንም በፊት አጥርቶ የጻፈው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ብሩክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» የተሰኘው መጽሐፉ፣ በአማርኛ «የሰው-ወር ተረት» ሊባል የሚችል፣ ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም የሶፍትዌር ባለሙያዎች ከአለቆቻቸው ጋር በተጋጩ ቁጥር የሚያነሱት ሥራ ሆኖ ዘልቋል።

መጽሐፉን ክብደት የሚሰጠው ደራሲው ራሱ አለቃ የነበረ መሆኑ ነው። ብሩክስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ይፋ የሆነውን የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም/360 ኮምፒዩተር ልማት መርቷል፤ ከዚያም የዚሁ መሣሪያ ማንቀሳቀሻ የሆነውን ግዙፍ ሶፍትዌር ሥራ ተረክቧል። ሶፍትዌሩ ዘገየ፤ ወጪውም ከታሰበው በብዙ እጥፍ በለጠ። በኋላ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ብሩክስ ጥፋቱን በሠራተኞቹ ስንፍና አላላከከም። መጽሐፉ የኃላፊ ኑዛዜ ነው።

የኑዛዜው ፍሬ ነገር አጭር ነው። የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ቢጨመር ሥራው ይበልጥ ይዘገያል። ምክንያቱን ብሩክስ በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛ፣ አዲስ መጤው ሥራውን እስኪያውቅ ድረስ የሚያስተምሩት እነዚያው ጊዜ ያጠራቸው ነባሮች ናቸው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚሠሩት ክፍል ከሌላው ጋር መግጠም ስላለበት ዘወትር መነጋገር ይኖርባቸዋል። አምስት ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢነጋገሩ የመገናኛው መስመር 10 ነው፤ ዐሥር ሲሆኑ 45፣ ሃያ ሲሆኑ ደግሞ 190 ይደርሳል። ሰሊጥ ቆራጩ የያዘውን መስመር ይዞ ሲሄድ ጎረቤቱ ምን እንደሚቆርጥ መጠየቅ አያስፈልገውም። ብሩክስ ራሱም የሰውና የወር ብዛት በእኩል ሊለዋወጡ የሚችሉት የሠራተኞች መነጋገር በማያስፈልግበት እንደ አጨዳ ባለ ሥራ መሆኑን ይጠቅሳል። የገዳሪፍ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ አገሩን ያገኛል።

ከዚህ የሚመነጨው ትምህርት በፕሮግራመሮች ዘንድ ከተለመደው ምሬት ይለያል። ባለሙያው አለቃውን «አላዋቂ» ይለዋል፤ «እስከ ቅዳሜ ይድረስ» ብሎ ሲያዝ፣ ሁለት ወጣቶች ጨምሮ ፍጥነት ሲጠብቅ፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ቁልፍ አይቶ «አልቋል» ሲል ይናደዳል። ይሁን እንጂ ከእርሻና ከንግድ የመጣው ኃላፊ ሞኝ አይደለም። ያንን ጥበብ በላብ ነው ያገኘው፤ በማሳው ላይም ትክክል ነበር። ስሕተቱ እውነተኛውን ጥበብ ያለቦታው መጠቀሙ ነው።

እንዲያውም ተገቢው ጥበብ በዚያው ማሳ ላይ አለ። የተቆረጠው ሰሊጥ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ መቶ ሰው ቢጨመር ፀሐዩ አይፈጥንም። ሳይደርቅ ቢራገፍ ፍሬው አይወርድም፤ ያለ ጥንቃቄ ቢነሳ ደግሞ ይበተናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሀብት በነዶው ላይ ሠራተኛ አይጨምርም፤ በፕሮግራመሩ ላይ ግን ይጨምራል። ኃላፊው ኮድ መጻፍ መማር አይጠበቅበትም፤ የቀረበለት ሥራ ቆረጣ ነው ወይስ ማድረቅ ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል።

ብሩክስ ይህን በክፍልፋይ ያሳያል። እሱ ባቀረበው የጊዜ ምደባ መሠረት የሥራው ሢሶ ለዕቅድ፣ ስድስተኛው እጅ ለኮድ መጻፍ፣ የቀረው ግማሽ ለፍተሻና ለእርማት ይውላል። የዐሥራ ሁለት ሳምንት ሥራ ቢሆን አራቱ ለማሰብ፣ ሁለቱ ለመጻፍ፣ ስድስቱ ለመፈተሽ ማለት ነው። ለአለቃው ዐይን ሥራ መስሎ የሚታየው ግን ጣት በመተየቢያው ላይ የሚሮጥበት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቀን ሲቆረጥ የሚቆረጠው ከማይታየው ዐሥር ሳምንት ላይ ነው። ኋላ የደመወዝ መክፈያው ተሳስቶ መምህሩ ያለ ደሞዝ ሲያድር፣ ተወቃሹ የፍተሻ ጊዜ የተነፈገው ባለሙያ ይሆናል።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ብሩክስ የሚናገረው ከላይ ነው፤ የበታቹ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ከሃርላን ሚልስ ወስዶ የሚያቀርበው የቀዶ ሕክምና ቡድን አምሳያ አንዱን ሊቅ ቢላዋ ሲያስይዝ ሌሎቹን አቀባይ ያደርጋል፤ አቀባዩ ነገ እንዴት ሊቅ እንደሚሆን ግን በበቂ አያብራራም። ከሁሉ በላይ መጽሐፉ የተጻፈው ሰው ለሞላው ግዙፍ ኩባንያ ነው። በምሥራቅ ሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች መሥሪያ ቤቱ የሚኖረው አንድ ፕሮግራመር ከሆነ ችግሩ የሰው መብዛት አይደለም፤ ያ አንድ ሰው ተመርሮ ሲሄድ ሥራውን የሚያውቅ አለመቅረቱ ነው።

ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ስቴፈን ፒተርሰን ነው። በኢትዮጵያ የበጀትና የሒሳብ አሠራር ማሻሻያ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው ይህ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ በአፍሪካ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተር ማሻሻያዎች ለምን እንደሚከሽፉ መርምሯል። ለውጡን የሚደግፉ ኃላፊዎችን ቅዱሳን፣ የሚያሰናክሉትን አጋንንት፣ የቴክኒክ ባለሙያዎችን ደግሞ ጠንቋዮች ይላቸዋል። ስያሜው ቢያስፈግግም ቁም ነገሩ ከባድ ነው። ባለሙያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚደግፈው ኃላፊ ከሌለ ሥራው ዳር አይደርስም። ስለዚህ የአለቃና የባለሙያ መናናቅ ባለሙያውንም ይጎዳል። በስተመጨረሻ የሚከፍለው ግን በመስኮቱ ፊት ወረፋ ይዞ የቆመው ሰው ነው።

ኮድ በራሳቸው የሚጽፉ መሣሪያዎች በተስፋፉበት በአሁኑ ወቅት ብዙ ኃላፊዎች «ከእንግዲህ ፕሮግራመር ምን ያደርጋል?» ማለት ጀምረዋል። ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ለዚህ መሰሉ ተስፋ ቀድሞ መልስ ሰጥቷል፤ የሶፍትዌር ከባዱ ሸክም ምን መሠራት እንዳለበት ጠንቅቆ ማሰቡ እንጂ መጻፉ አይደለም ብሏል። በራሱ ክፍልፋይ ሲሰላም ኮድ መጻፍ በነፃና በቅጽበት ቢሆን እንኳ የሚተርፈው ስድስተኛው እጅ ብቻ ነው። ቆረጣው ቢፈጥን ነዶው አሁንም መድረቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ብሩክስ በ1995 እትሙ ላይ ዴቪድ ፓርናስን በተሟገተበት አንድ ጉዳይ እውነቱ የፓርናስ እንደነበረ፣ የተሳሳተውም ራሱ መሆኑን በግልጽ አምኗል። ሃያ ዓመት የተከበረ መጽሐፍ ደራሲ እንዲህ ማለቱ ከምክሮቹ ሁሉ ይልቃል። መጽሐፉ ራሱም የተወለደው ከአንድ አለቃ ጥያቄ ነው፤ የአይ.ቢ.ኤም. መሪ የነበረው ቶማስ ዋትሰን የሶፍትዌር ሥራን መምራት ለምን እንደሚከብድ ብሩክስን ጠይቆት ነበር፤ መጽሐፉም ለዚያ የዘገየ መልስ ነው። ዋትሰን ኮድ አልጻፈም፤ የማያውቀውን ግን ጠየቀ። ኃላፊው ከዋትሰን መጠየቅን፣ ባለሙያውም ከብሩክስ አስረድቶ መመለስን ቢወስዱ ከሁለቱም ምሬት ብዙው በቀለለ ነበር።