የብዕር ዕድሜ በአንዲት አሃዝ

አሮጌ የቀለም ብዕር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። ገላው ላይ ወይም ክሊፑ ሥር አንድ ቁጥር አይቷል፤ ቁጥሩ ረዘም ካለ እምነቱም በዚያው ልክ ይጸናል። ብዕር ስጠግንና ዕድሜውን ስለይ ያየሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ረጅሙ ቁጥር ስለ ዓመቱ እምብዛም አይናገርም። የሚናገር ካለ ያለ አጉሊ መነፅር የማትታይ አንዲት አሃዝ ናት፤ እሷም ብትሆን ያለ ምስክር አትታመንም። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አንዱ ብቻ የእኛ ነው፤ እሱ ላይ ስንደርስ እናገራለሁ።)

ረጃጅሞቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሼፈር የዕድሜ ልክ ዋስትና በሰጠባቸው "ላይፍታይም" በሚባሉት ብዕሮቹ የወርቅ ጫፍ ላይ ተከታታይ ቁጥር ያትም ነበር። ቁጥሩን ብቻ አይቶ "ይህ የ1927 ነው፣ ያኛው የ1931 ነው" ለማለት የሚያስችል አስተማማኝ ሰንጠረዥ ግን የለም። ሞንብላንም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የክሊፑ ቀለበት ላይ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት ተከታታይ ቁጥር ያኖራል። ከእሱ ይልቅ ለእኔ የሚጠቅመኝ በቀለበቱ ላይ የሚቀረጸው የአገር ስም ነው። ምዕራብ ጀርመን የሚል ከሆነ ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ከመዋሐዳቸው በፊት የተሠራ ነው፤ ቢያንስ ቀለበቱ። ይህችን "ቢያንስ" ያዙልኝ።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ዋተርማን ነው። ከታች ጠፍጣፋው ላይ 52 የሚል ቁጥር ያለበትን ብዕር የ1952 ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። እዚህ ላይ 5ቱ ቀለም የሚሞላው በጎኑ ባለችው ትንሽ ማንሻ መሆኑን፣ 2ቱ ደግሞ የጫፉን መጠን ይናገራሉ። ስለ ዘመን የሚሉት ነገር የለም። የዚያው ኩባንያ ብዕሮች ገላቸው ላይ "1884" የሚል ዓመትም አለባቸው፤ ባለቤቱ ይህን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። 1884 ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን ለፈጠራው ፓተንት ያገኘበት ዓመት ነው። ኩባንያው ቀኑን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሲያትመው ኖሯል። የፓተንት ቀን ብዕሩ ከመቼ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ይነግረናል፤ መቼ እንደተሠራ አይነግረንም።

የዚህ ሥራ ጣዕም ያለው ፓርከር ላይ ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ጄንስቪል ከተማ የነበረው ፋብሪካ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዕሩ የተሠራበትን ጊዜ ገላው ላይ ያትም ነበር። መጀመሪያ ሁለት አሃዝ ነበር፤ ፊተኛው ሩብ ዓመቱን፣ ኋለኛው የዓመቱን መጨረሻ አሃዝ ያመለክታል። ስለዚህ ቫኩማቲክ በተባለው ብዕር ላይ 47 የሚል ሲገኝ የ1937 አራተኛ ሩብ ነው እንጂ 1947 አይደለም። 25 የሚለውን 1925 የሚያደርጉትም አሉ፤ በ1925 ግን ቫኩማቲክ የሚባል ብዕር ገና አልነበረም።

ወደ 1930ዎቹ ማብቂያ አሠራሩ ተለወጠ። የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ብቻዋን ቀረች፤ ሩብ ዓመቱን ነጥቦች ተረከቡት። ሦስት ነጥብ ካለ የመጀመሪያው ሩብ ነው፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው፣ አንድ ከሆነ ሦስተኛው። በአራተኛው ሩብ ነጥብ የለም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ጊዜ ሲጨምር ነጥብ ይቀንሳል። ከሠራተኛው ወንበር ሆኖ ላየው ግን ብልህነት ነው። የማኅተሙ ብረት በዓመት አንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ አንዲት ነጥብ ሞርዶ ማጥፋት ብቻ ነው። ብረት ላይ ነጥብ መጨመር ከባድ ነው፣ መቀነስ ቀላል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰብሳቢዎች ልብ አይሉትም። ገላው በኪስና በእጅ ሲታሽ ከሁሉ ቀድማ የምትጠፋው ነጥብ ናት። ነጥብ ስትጠፋ ደግሞ ብዕሩ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ይጠጋል። የየካቲት ብዕር ታሽቶ ታሽቶ የኅዳር ይሆናል፤ የኅዳሩ ግን የየካቲት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ገላው የተወለወለ ብዕር ላይ ነጥብ ባጣ "አራተኛ ሩብ" ብዬ አልጽፍም፤ ዓመቱን ብቻ እጽፋለሁ። ለማንበብም መብራቱን ከላይ ማብራት ዋጋ የለውም። ከጎን፣ ገላውን ጠግቶ የሚያልፍ ብርሃን ሲሆን የነጥቧ ጉድጓድ ጥላ ትጥላለች። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነፅር ይበቃል።

ከዚያ የአሥርት ዓመቱ ጥያቄ ይመጣል። 1 የምትል አሃዝ 1941 ናት ወይስ 1951? አሃዟ አትመልስም፤ የሚመልሰው የብዕሩ አካል ነው። ታዋቂው ፓርከር 51 በአሜሪካ ገበያ የወጣው በ1941 ሲሆን እስከ 1948 ድረስ ቀለም የሚስበው እንደ ቫኩማቲክ ነበር፤ ከገላው መጨረሻ ያለችው ትንሽ ክዳን ትፈታና ውስጥ ያለው ግፊያ ወደታችና ወደላይ ይመታል። ከ1948 ወዲህ የተሠራው ገላው ሲፈታ በብረት ሽፋን ውስጥ ያለች ተጨማቂ ከረጢት ይታያል። እንግዲህ ከረጢት ያለው ብዕር ላይ 1 ካየሁ 1951 ነው፤ ግፊያ ያለው ላይ ከሆነ 1941። ግፊያው ራሱ ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። በቫኩማቲኮች ላይ በመጀመሪያ የአሉሚኒየም ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብረት ለሌላ ሲፈለግ በፕላስቲክ ተተካ። አንዲት አሃዝ ዓመት የምትሆነው እነዚህ ሁሉ ሲስማሙ ነው።

ባይስማሙስ? "ቢያንስ ቀለበቱ" ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ማኅተሙ የሚናገረው ስለታተመበት ክፍል ብቻ ነው። የወርቅ ጫፉ የራሱ ቀን ሊኖረው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ከገላው በጥቂት ወራት ይቀድማል፤ ጫፉ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ይቆያላ። ልዩነቱ ዓመታት ከሆነ ግን ብዕሩ በሕይወቱ መካከል ጫፍ ቀይሯል፣ ወይም ሻጩ ከሁለት ብዕር አንድ ሠርቷል። ሆኖም ቀን ለማየት ብቻ ብሎ የ51ን ጫፍ የሚሸፍነውን መከለያ መንቀል አልደግፍም። መከለያው በሙጫ የታሸገ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል። ቫኩማቲክ ደግሞ የሴሉሎይድ ነው፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ለጥገና ከተፈታ በዚያው ይታይ፤ ያለዚያ ይቅር።

እኛ ዘንድ ብቻ የሚገጥም አንድ እንቆቅልሽ አለ። በቀድሞ ዘመን ፓርከር የምርቃት ወይም የሹመት ስጦታ ነበር፤ ስምና ዓመትም ይቀረጽበታል። የማኅተሙ አሃዝ 9፣ ከረጢት ያለው፣ ማለትም የ1949 ብዕር ላይ ስም ተቀርጾ "1942" ቢል፣ የውጭ ሰብሳቢ ቅርጹ የውሸት ነው ይላል፤ ብዕሩ ሳይወለድ ስም ወጣለት ማለት ነውና። 1942 ዓ.ም. ግን በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም 1949 እስከ መስከረም 1950 ነው። ብዕሩ ከፋብሪካ ወጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ቅርጽ አስጠፍቶ ብዕሩን "አዲስ" ማስመሰል ለእኔ ጥፋት ነው።

ፓርከር በ1950ዎቹ ቀን ማተሙን ትቶ በ1980 ግድም በፊደል ተመለሰ። "ኳሊቲ ፔን" የሚሉት ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ አሥር ፊደል አላቸው፤ የመጀመሪያው ለ0፣ የመጨረሻው ለ9 ሆኑ። ሩብ ዓመቱም እስከ 1986 በፊደል ነበር፦ ኢ፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ። የላቲኑን ኢ ተመልከቱት፤ ሦስት አግዳሚ አለው። አንዱን ብትቀንሱ ሲ፣ ሁለቱን ብትቀንሱ ኤል፣ ሦስቱንም ብታጠፉ ቀጥ ያለ አይ ይቀራል። ከአርባ ዓመት በፊት ነጥብ ሲሞርድ የነበረው ሐሳብ ልብስ ቀይሮ መጣ። ከ1987 ወዲህ ደግሞ ፊደሎቹ ቀርተው ቋሚ ጭረቶች ተተኩ፤ እነሱም ከሦስት ወደ ባዶ ይወርዳሉ። ስለዚህ የዓመቱ ፊደል አንድ ዓይነት ቢሆንም የ1983ን ብዕር ከ1993ቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው የሩብ ዓመቱ ምልክት ነው።

ጃፓኖቹ ይቀላሉ፤ ፓይለት በ1970ዎቹ የጫፉ ሥር ላይ ወሩንና ዓመቱን በግልጽ ያትም ነበር። 174 ቢል የጥር 1974 ነው፤ ያበቃል።

የአባቱ ወይም የአያቱ ብዕር መሳቢያ ውስጥ ላለ ሰው የምለምነው ይህን ነው። ከመወልወሉ በፊት ገላውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያንብብ፤ ያየውን አሃዝና ነጥብ እንዳለ ይጻፍ፤ ብዕሩ ከማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተሰጠ ቤተሰቡ የሚያውቀውንም በወረቀት አድርጎ አብሮ ያኑር፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፉን ግን አይርሳ።